በፊደልና በአኃዝ

በቀድሞው ዘመን የግብር አዳራሽ ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለእንግዳ ከማቀበሉ በፊት ጥቂት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር። ይህ ቅምሻ የጣዕም ጉዳይ ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነበር። «በዚህ ውስጥ ክፉ ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ» እንደ ማለት ነው። ነገር ግን አሳላፊው የማን ሰው ነበር? የሚቀምሰው ለጠጪው፣ እንጀራው የሚቆረሰው ግን ከባለ ጠጁ ቤት ነው። ስለ ሐያሲነት ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ሐያሲ ሁሉ ቀማሽ ነው፤ የመጽሐፍም ይሁን የሥዕል፣ የምግብም ይሁን የመጠጥ። ታዲያ ቀማሹ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ባለፈው ምዕተ ዓመት ማብቂያ አካባቢ አጥብቆ ካነሡት ሰዎች አንዱ ሮበርት ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ የወይን ጠጅ ሐያሲ ነው። እኔ ወይን ጠጅ አዋቂ አይደለሁም። ቀኑን በባንክ ቤት ከአኃዝ ጋር የምውል፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። የፓርከር ታሪክ የሳበኝም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እርሱም የባንክ ቤት ሰው ነበር። ሁለተኛ፣ የሥራ ዘመኑን በሙሉ በቃልና በቁጥር መካከል ቆሞ ነው ያሳለፈው። ታሪኩን እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባንኩ ጠበቃ

ፓርከር በ1947 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። ያደገው ወይን ጠጅ ከማዕድ በማይቀርብበት ቤት ነው። በ1967 በስትራስቡርግ ከተማ ትማር የነበረችውን ወዳጁን ፓትሪሺያን ለመጠየቅ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ራሱ ሲያወጋ እንደተሰማው፣ በዚያ ኮካ ኮላ ከወይን ጠጅ ይልቅ ውድ ሆኖ ስላገኘው ነው ወደ ወይኑ የዞረው። ወጣቱ ተማሪ በየማዕዱ አንድ ብርጭቆ ሲቀምስ በዚያው ልቡ ተወሰደ። ከፓትሪሺያ ጋር በ1969 ተጋቡ። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጠና፤ ቀጥሎም ሕግ ተምሮ በ1973 ተመረቀ፤ ከዚያም ለገበሬዎች ብድር በሚሰጥ የባልቲሞር ባንክ በጠበቃነት ተቀጠረ።

ይህ ሰው ቀን ቀን የብድር ውል እያረቀቀ፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ወይን ጠጅ ይቀምስ ጀመር። የዕረፍት ጊዜውንና የተረፈውን ገንዘብ የፈረንሳይ ወይን እርሻዎችን ለመጎብኘት አዋለው። የሚገዛውን ለመምረጥ ግን መሪ ፈልጎ አጣ። ጸሐፊዎች አልጠፉም፤ ችግሩ ጸሐፊዎቹ የቆሙበት ቦታ ነበር።

ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለ ወይን ጠጅ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚመጣው ከለንደን ነበር። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ወይም የነጋዴ ወዳጆች ነበሩ። ማይክል ብሮድቤንትን የመሰለ በሙያው የተከበረ ቀማሽ እንኳ የክሪስቲ ጨረታ ቤት የወይን ክፍል ኃላፊ ነበር። ሰውየው ሐቀኛ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በአንድ እጁ የሚሸጥ፣ በሌላው እጁ የሚፈርድ መሆኑን ለመጠቆም ያህል ነው። ወይን ጠማቂዎቹ ጸሐፊውን ምሳ ይጋብዙታል፤ በግንብ ቤታቸው ያሳድሩታል፤ ሲሸኙትም አንድ ሣጥን ያሸክሙታል። እንግዲህ የተጋበዘ ሰው በጋባዡ ጠጅ ላይ ምን ክፉ ቃል ይወጣዋል?

የደረጃውም ጉዳይ አለ። በ1855፣ በንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመን፣ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርዒት ሲባል የቦርዶ ደላሎች የታወቁትን ቀይ ወይኖች በአምስት ደረጃ መደቧቸው። የመደቡትም በዋነኛነት በገበያ በሚያወጡት ዋጋ ነበር። ያ ዝርዝር ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ሕግ ጸንቶ ኖረ። በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ የተባለው ይዞታ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ማለቱን ካልቆጠርን፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተደረገበትም። ማለትም በ1978 አንድ ጠርሙስ የሚከበረው ቅድመ አያቱ በ1855 ስንት ያወጣ እንደ ነበር ታይቶ ነው። የባላባት ሥርዓት ይሏል ይህ ነው።

ፓርከር በሕግ ትምህርቱ ዘመን፣ ለሸማቾች መብት በመሟገት የታወቀው ራልፍ ኔደር አድናቂ ነበር። ኔደር በመኪና አምራቾች ላይ ያነሣውን ጥያቄ እርሱ በወይን ጠጅ ላይ ሊያነሣው ተነሣ፤ «ለገዢው ጠበቃ የሚቆምለት ማን ነው?» ሲል። በ1978 ከእናቱ 2,000 ዶላር ተበድሮ አንዲት ዜና መጽሔት አሳተመ። ከወይን መደብሮች የገዛቸውን ወደ 6,500 የሚጠጉ አድራሻዎች ይዞ የመጀመሪያዋን እትም በነጻ ላከ። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ከፍለው ደንበኛ የሆኑት 600 ያህሉ ነበሩ። መጽሔቷ በመጀመሪያ የባልቲሞርንና የዋሽንግተንን ስም ይዛ ነበር የወጣችው፤ በ1979 «ዋይን አድቮኬት» ተባለች። ትርጓሜውም የወይን ጠበቃ እንደ ማለት ነው።

መጽሔቷ ማስታወቂያ አትቀበልም ነበር። ፓርከር ለጉዞውና ለሚቀምሳቸው አብዛኞቹ ጠርሙሶች ከራሱ ኪስ ይከፍል ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መጽሔቷን ከጀመረ በኋላ እስከ 1984 ድረስ የባንኩን ሥራ አለመልቀቁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀን የባንክ ጠበቃ፣ ማታ የወይን ቀማሽ ነበር። ብዙዎቻችን የወር ደመወዝን የጥበብ ጠላት አድርገን እናየዋለን። በቢሮ የዋለ ሰው ማታ ብዕር ሲያነሣ እጁ እንደሚደክም እኔም አላጣሁትም። በፓርከር ታሪክ ግን ደመወዝ ጋሻ ሆኖ ይታየኛል። የባንኩ ገንዘብ የቤት ኪራዩን ስለሸፈነለት ምላሱን ማንም ሊገዛው አልቻለም። በአሳላፊው ምሳሌ ብንሄድ፣ ይህ ሰው እንጀራውን ከባለ ጠጁ ቤት ያልቆረሰ አሳላፊ ነበር።

ከ50 እስከ 100

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ከፓርከር በፊት ወይን ጠጅን በነጥብ መመዘን አዲስ ነገር አልነበረም፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ምሁራን ከ20 የሚታሰብ መለኪያ ነበራቸው። ፓርከር ግን ከ100 የሚታሰብ መለኪያ መረጠ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ማንኛውም አሜሪካዊ ተማሪ ቤት የገባ ሰው 92 ምን ማለት እንደሆነ፣ 71ም ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቃል። እኛም ብንሆን የፈተና ወረቀት ተሸክመን ወደ ቤት የተመለስን ሁላችን እናውቀዋለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ወይን ገና ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ 50 ነጥብ ይሰጠዋል። ለቀለሙና ለመልኩ እስከ 5፣ ለመዓዛው እስከ 15፣ ለጣዕሙና በጉሮሮ ለሚያስቀረው ቃና እስከ 20፣ ለአጠቃላይ ጥራቱና ወደፊት ለመሻሻል ላለው ተስፋ እስከ 10 ይጨመርለታል። ድምሩ ከ50 እስከ 100 ይሆናል። ከነጥቡ ሥር ደግሞ ቃሉ ይከተላል። ፓርከር የቃል ድሀ አልነበረም። ስለ ጥቁር እንጆሪ፣ ስለ ትምባሆ፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ እርጥብ አፈር፣ ስለ ተቆላ ቡና ሽታ እያነሣ አንባቢው ያላየውን ብርጭቆ በአፍንጫው እስኪያሸት ድረስ ይጽፍለት ነበር።

ፓርከር ራሱ ስለ ቁጥሩ ሲያስጠነቅቅ፣ ዋናው በጎን የተጻፈው ቃል መሆኑን፣ የማንም ነጥብ የሰውን የራሱን ምላስ ሊተካ እንደማይችል ደጋግሞ ጽፏል። ይህን ማስጠንቀቂያ አንባቢው በልቡ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

የ1982 መኸር

የቦርዶ ገበያ አንድ ልዩ ባሕርይ አለው። በመስከረም ግድም የተለቀመው ወይን በቀጣዩ ሚያዝያ ገና በበርሜል ሳለ ይቀመሳል፤ ዋጋም ይቆረጥለታል። ገዢው ዛሬ ይከፍላል፤ ጠርሙሱን የሚረከበው ግን ከዓመት ከመንፈቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእኛ አገር ገበሬው ቡቃያውን ሳያጭድ እንደሚሸጠው ያለ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ገና ያልበሰለውን ቀምሶ ነገ ምን እንደሚሆን የሚናገር ሰው ትልቅ ዋጋ አለው። የቀማሹ ቃል የትንቢት ያህል ነው።

የ1982 ምርት በ1983 በበርሜል ሳለ ሲቀመስ ቀማሾች ተለያዩ። ያን ጊዜ በአሜሪካ በዝና ግንባር ቀደም የነበረው የሳን ፍራንሲስኮው ሮበርት ፊኒጋን ወይኑ የተባለለትን ያህል እንዳልሆነ ጻፈ። ሌሎችም ፍሬው ከመጠን በላይ በስሏል፣ ልስላሴው በዝቷል፣ ዕድሜ አይኖረውም አሉ። ፓርከር ግን ይህ የዘመኑ ታላቅ መኸር ነው ብሎ አወጀ፤ አንባቢዎቹንም ሳትዘገዩ ግዙ አላቸው። የዶላር ምንዛሪ ጠንክሮ ስለነበር አሜሪካውያን ገዙ፤ ዋጋውም እየናረ ሄደ። ጠርሙሶቹ ተከፍተው ሲቀመሱ ፓርከር ትክክል መሆኑን ብዙዎች መሰከሩ። የፊኒጋን ዝና ከዚያ ወዲህ ማሽቆልቆል ጀመረ። የባልቲሞሩ ጠበቃ ግን በመጋቢት 1984 የባንኩን ሥራ ለቀቀ። በ1985 ስለ ቦርዶ የጻፈውን የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። በ1998 የመጽሔቷ ደንበኞች 45,000 ያህል ደርሰው ነበር። በዓመት እስከ 10,000 ወይን እንደሚቀምስ ይነገርለት ጀመር፤ አፍንጫው በአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ መገባቱም የጋዜጦች ወሬ ሆነ።

ይህ ሥልጣን በመልካም ጎኑ ብዙ ሠርቷል። የባላባቱን ዝርዝር አናግቷል። በ1855 መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለ፣ አያታቸው ያልታወቀ ወይኖች ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ሚዛን ተቀመጡ። ዣን ሉክ ቱኔቫን የተባለ ቀድሞ የባንክ ሠራተኛ የነበረ ሰው (የሙያ ባልደረባዬን ላልፈው አልቻልኩም) በሴንት ኤሚልዮን ከባለቤቱ ጋር ጥቂት መሬት ገዝቶ፣ ጋራዥ በምታህል ቤት መጥመቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ምርቱ የ1991 ነበር። «ቫላንድሮ» የተሰኘውን ይህን ወይን ፓርከር ቀምሶ አሞገሰው፤ ዋጋውም የታላላቆቹን ደጅ አንኳኳ። በ2012 የሴንት ኤሚልዮን ደረጃ አውጪዎች ቫላንድሮን ከአንደኞቹ ተርታ አስገቡት። አንድ ጎጆ ጠማቂ በሃያ ዓመት ውስጥ ባላባት ሲሆን ማየት ለእኔ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ለሥልጣኑ የከፈለውም ነበር። ስለ ሸቫል ብላን የ1981 ምርት ገና በበርሜል ሳለ ቀዝቃዛ አስተያየት ጻፈ። የይዞታው ሥራ አስኪያጅ ተቆጥቶ «ናና ድገመህ ቅመስ» አለው። ፓርከር እንደሚተርከው፣ በሩ ላይ እንደደረሰ የሰውየው ውሻ እግሩን ነከሰው፤ ማሰሪያ ጨርቅ ቢጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ያቀበለው ያችን ያስቆጣችውን የመጽሔት እትም ነው። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ደም የሚባል አላየሁም ሲል አስተባብሏል። ከወሬው ይልቅ እኔ የምይዘው መጨረሻውን ነው፤ ፓርከር ገብቶ ደግሞ ቀመሰ፤ ወይኑ ተሻሽሎ አገኘው፤ በቀጣይ እትሙም አስተያየቱን አስተካከለ። ውሻ ነክሶት የወጣ ሰው ለነካሹ ቤት ፍርድ ሲያስተካክል ማየት የሐያሲነትን ልክ ያሳየኛል። በቡርጎኝ አውራጃም ፌቭሌ የተባለ የወይን ቤት በአንዲት ዓረፍተ ነገሩ ምክንያት ከሶት፣ ነገሩ በ1994 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አልቋል። በ1999 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት የሌዥዮን ዶኖር ኒሻን ሸለመው።

ቁጥሩ ሲነግሥ

በባንክ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በቼክ ላይ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ በፊደል፣ አንዴ በአኃዝ። ሁለቱ ቢጣሉስ? በሕጉ መሠረት የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። አንዲት ዜሮ በቀላሉ ትጨመራለች፤ ቃልን ለመጻፍ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። የወይን ጠጅ ገበያ የዚህን ሕግ ተቃራኒ ያዘ። ፓርከር ፊደሉንም አኃዙንም ጻፈ፤ ገበያው ግን አኃዙን ብቻ አጸና።

የመደብር ባለቤቶች ቃሉን ቆርጠው ጥለው ቁጥሩን በካርቶን ጽፈው በየመደርደሪያው ለጠፉ። በነጋዴዎች ዘንድ አንድ ቀልድ ተለመደ፤ ከ90 በታች ያገኘውን መሸጥ አይቻልም፣ ከ90 በላይ ያገኘውን መግዛት አይቻልም የሚል። ጠማቂዎችም የፓርከር ምላስ ምን እንደሚወድ አጠኑ፤ በደንብ የበሰለ ፍሬ፣ የጠቆረ ቀለም፣ ወፍራም ቃና፣ የአዲስ ኦክ በርሜል ሽታ። የአየሩም የአፈሩም ጠባይ ሳይለይ በየአገሩ ይህን የመሰለ ወይን በዛ፤ ለነገሩም ከስሙ የተመዘዘ መጠሪያ ወጣለት። በካሊፎርኒያ ኢኖሎጂክስ የተባለ ድርጅት ወይኑን በቤተ ሙከራ መርምሮ ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ አስቀድሞ በመተንበይ ለጠማቂዎች ምክር መሸጥ ጀመረ። ልብ እንበል፤ ይህ ወይን ከመጠመቁ በፊት ቁጥሩን መጥመቅ ነው። በ2004 ጆናታን ኖሲተር የተባለ የፊልም ሰው «ሞንዶቪኖ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልሙ ይህንኑ ስጋት ለዓለም አሳየ።

የቁጥሩን ኃይል ለመለካት ደግሞ ያልታሰበ አጋጣሚ ተገኘ። በ2003 የኢራቅ ጦርነት በተጀመረበት ወቅት ፓርከር እንደ ልማዱ ወደ ቦርዶ አልሄደም። ስለዚህ የ2002 ምርት ነጥቡ ሳይታወቅ ዋጋ ተቆረጠለት። ሦስት ኢኮኖሚስቶች ያንን ዓመት ከሌላው ጋር አነጻጽረው በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የፓርከር ነጥብ በዋጋው ላይ ያለው ድርሻ በአማካይ በጠርሙስ ወደ 2.80 ዩሮ እንደሚሆን አሰሉ። አንድ ሰው በቤቱ በመቅረቱ የአንድ አውራጃ ዋጋ ተናወጠ።

ይህ ሁሉ ሥልጣን የተጫነበት ቁጥር ታዲያ ምን ያህል ጽኑ ነው? እዚያው በ2008 ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የወይን ውድድር ዳኞች ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ አንድ ወይን ሳያውቁት ሦስት ጊዜ ቀረበላቸው። ሦስቱንም ጊዜ በአንድ የሜዳሊያ ደረጃ ውስጥ የመደቡት ከአሥር ዳኞች አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ዳኞቹ ፓርከር አይደሉም፤ ነገር ግን ሙያተኞች ናቸው። በ91 እና በ93 መካከል ያለው ልዩነት በገበያ የብዙ ገንዘብ ልዩነት ነው፤ በሰው ምላስ ላይ ግን የጠዋትና የከሰዓት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳነብ በነበረበት ሰሞን በማስታወሻዬ ላይ ይህችን ቋጠርኳት፦

ምላስ ነበር ዳኛ፣ ቃል ነበረ ምስክር፤
በር ላይ የቆመውን ዘበኛውን ቁጥር
ማን ሰየመው ከቶ በችሎቱ ወንበር?

ሁለት ቀማሾች፣ አንድ ብርጭቆ

በ2004 የሆነው ነገር ደግሞ የሐያሲነትን ሌላ ገጽ ያሳያል። የ2003 በጋ በአውሮፓ እጅግ የጋለ ነበር። ሻቶ ፓቪ የተባለው የሴንት ኤሚልዮን ይዞታ በዚያ ሙቀት የበሰለውን ወይኑን በበርሜል ሳለ አስቀመሰ። ፓርከር ለፍጹምነት የቀረበ ነጥብ ሰጠው። እንግሊዛዊቷ ጃንሲስ ሮቢንሰን ግን ከ20 የሰጠችው 12 ነበር። ሮቢንሰን ተራ ሰው አይደለችም። በ1984 ከንግዱ ውጭ ካሉ ሰዎች «ማስተር ኦፍ ዋይን» የተባለውን ከባድ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈች፣ በ1994 የወጣውን የኦክስፎርድ የወይን ጠጅ መዝገበ ዕውቀት ያዘጋጀች ጸሐፊ ናት። ሁለቱ በአደባባይ ተሟገቱ፤ የወይኑ ዓለም በሁለት ተከፈለ።

ማን ትክክል ነበር? እኔ ወይኑን አልቀመስኩትም፤ ብቀምሰውም ልፈርድ አልችልም። የምረዳው ግን ይህን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንዱ ውሸታም መሆን አለበት። የሁለቱን ቃል ብናነብ ግን ማንም አልዋሸም። አንዱ ጉልበትና ብስለት ያገኘበትን ብርጭቆ ሌላዋ ለዛውን ያጣ፣ ከቦርዶነት የወጣ ሆኖ አግኝታዋለች። አንባቢው ራሱ ጉልበት ወዳድ ከሆነ ይገዛዋል፤ ለዛ ወዳድ ከሆነ ያልፈዋል። ቃል ለአንባቢው ነጻነት ይተውለታል፤ ቁጥር ግን ይዘጋበታል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት አባቶቻችን ጠጅን የሚያስታርቁት ከምሳሌ ጋር ነው፤ ከድምር ጋር ሲያስታርቁት አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ2012 ማብቂያ ፓርከር የመጽሔቱን ትልቅ ድርሻ ለሲንጋፖር ባለሀብቶች ሸጦ የዋና አዘጋጅነቱን ወንበር ለሌላ ሰው ለቀቀ። በ2017 የምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመድበው የፈረንሳዩ ሚሼሊን ድርጅት 40 በመቶውን ገዛ፤ በ2019 ሙሉ በሙሉ ጠቀለለው። በዚያው ዓመት በግንቦት ፓርከር በ71 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ከእናት በተገኘ 2,000 ዶላር ብድር የተጀመረችው መጽሔት የታላቅ ኩባንያ ንብረት ሆነች።

ስለ እኛ ቀማሾች

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። «ቀማሽ» የሚለው ቃል ዛሬ በአገራችን የሙያ ስም ሆኖ የሚኖረው በቡና ነው። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ፣ የጉጂና የጅማ ቡና በቡና ቀማሾች ፊት ይቀርባል፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በማንኪያ ተስቦ ነጥብ ይሰጠዋል። በዓለም ገበያ «ልዩ ቡና» ለመባል ለብዙ ዓመታት መስፈሪያው ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ማግኘት ሆኖ ቆይቷል። በ2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ውድድር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ የጥቂት ገበሬዎች ቡናዎች በጨረታ ቀድሞ ያልተሰማ ዋጋ አወጡ። ስም ያልነበረው ገበሬ በስሙ ሲጠራ ማየት ታላቅ ነገር ነው፤ የቱኔቫን ጋራዥ ዕድል ማለት ነው። ነገር ግን የቦርዶው ትምህርት አብሮ ሊታየን ይገባል። ቀማሹ ስለ ቡናው የሚለው ቃል ጠፍቶ ነጥቡ ብቻ ሲቀር፣ ገበሬው የአባቱን ቡና ትቶ የነጥቡን ቡና ማልማት ይጀምራል። ያን ጊዜ የጅማው ከጉጂው የሚለይበትን ነገር ለልጆቻችን በምን ቋንቋ እንነግራቸዋለን?

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሥራ ምን ይቀራል? ብዙዎች ቁጥሩ ነው ይላሉ፤ ዛሬ በመቶ የማይመዘን ነገር የለምና። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ፓርከርን ታማኝ ያደረገው ቁጥሩ አልነበረም፤ ቁጥርማ ማንም ሊጽፍ ይችላል። አንባቢዎቹ ያመኑት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በራሱ ምላስ ቀምሶ፣ ያየውን ስለጻፈ፣ ስሕተት ሲያገኝም ስላረመ ነው። ኋላ ላይ ከሚስቱ ወንድም ጋር በኦሪገን በሽርክና የያዘውን የወይን እርሻ እንኳ ነጥብ ሳይሰጥ ማለፉ ከዚሁ ጠባይ የመጣ ነው።

በየመጽሐፍ ምርቃቱ የደራሲ ወዳጆች ተራ በተራ እየተነሡ በሚያሞግሱበት በእኛ የሥነ ጽሑፍ መንደር፣ የሚያስፈልገን ይህን የመሰለ ቀማሽ ይመስለኛል። መጽሐፉን በገንዘቡ ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ አንብቦ፣ ወዳጁም ቢሆን ባላጋራው ያነበበውን የሚነግረን ሰው። ነጥብ እንዲሰጥልን አንጠይቀው። ምን እንደቀመሰ ብቻ በፊደል ይጻፍልን፤ መውደድና መጥላቱን እኛው እናውቅበታለን።